፲፱፻፴፮ ዋጋ አይደለም፦ ለጥንታዊ ገንዘብና ቴምብር ገበያ አስተዳዳሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በቴሌግራምና በፌስቡክ የጥንታዊ ሳንቲም፣ የብር ኖትና የቴምብር መገበያያ ቡድኖችን ለምታስተዳድሩ በሙሉ

ግልባጭ፦ በሣጥናቸው ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያት የተረፈ ገንዘብ ላላቸው ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ በየቡድኖቻችሁ የሚለጠፉ የሐሰት የግዢ ማስታወቂያዎች እንዲነሡና የአቤቱታ መልእክቶችን መሰረዝ እንዲቆም ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች፣

ከ30 ዓመት በላይ ቴምብርና አሮጌ ሳንቲም ሰብስቤአለሁ። የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ ከደብዳቤ ፖስታ ላይ ቴምብር በሞቀ ውኃ እያላቀቅሁ ከጓደኞቼ ጋር በመለዋወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በቸርችል ጎዳና ካሉት የገጸ በረከት ሱቆች፣ ከመርካቶ ብረታ ብረት ሻጮችና ከአረጋውያን ቤት እየገዛሁ ቀጠልኩ። ዛሬ ይህ ገበያ በአብዛኛው ወደ እናንተ ቡድኖች ተዛውሯል፤ መዛወሩንም አልጠላሁትም፤ በአንድ ከተማ ተወስኖ ይኖር የነበረ ሰብሳቢ ዛሬ ጎንደር ካለው፣ ጂማ ካለው፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ከሚኖረው ወገኑ ጋር በአንድ መስኮት ይነጋገራል። የምጽፍላችሁ ይህ መስኮት በአጭበርባሪዎች እጅ እየገባ ስለ ሆነና ይህንንም ማስቆም የሚችሉት በመጀመሪያ ደረጃ እናንተ ስለ ሆናችሁ ነው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ወንድ ልጃቸው በቴሌግራም ያሳያቸውን ማስታወቂያ አመኑ። ማስታወቂያው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበትን የ፲፱፻፴፮ (1936) ዓመተ ምሕረት አሥር ሳንቲም በ2 ሚሊዮን ብር እንገዛለን የሚል ነበር። እናትየው በቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጧቸው አሥራ አንድ ሳንቲሞች ነበሯቸው። ልጁ ፎቶ ላከ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ይህ ልዩ ዓይነት ነው» የሚል መልስ መጣ። ቀጥሎ ለምዝገባ ተብሎ 3,500 ብር ተጠየቀ፤ እሱ ከተከፈለ በኋላ ለኢንሹራንስ 9,000፣ በመጨረሻም ለቀረጥ ማስለቀቂያ 15,000 ብር። ሦስተኛው ክፍያ ከገባ በኋላ ሰውየው የተጻጻፉትን ሁሉ ከሁለቱም ወገን ስልክ ላይ አጥፍቶ ተሰወረ፤ ቴሌግራም ይህን ማድረግ ይፈቅዳልና። ለእናትየው የቀራቸው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው። ልጁ ሌላ ሰው እንዳይታለል ብሎ በማስታወቂያው ሥር የደረሰበትን ጻፈ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጽሑፉ ተሰረዘ፤ እሱም ከቡድኑ ተባረረ። ማስታወቂያው ግን በቦታው ቀረ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መሰረዝ ነው። ገንዘቡን የወሰደውን ሰው አላውቀውም፤ አቤቱታውን የሰረዘው ግን ከእናንተ አንዱ ነው።

ስለ ሳንቲሙ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ማታለያው በሙሉ የተመሠረተው ሰዎች ስለ ዓመተ ምሕረቱ ባላቸው የተሳሳተ ግምት ላይ ነውና። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጣው የገንዘብ ሕግ አዲሱን ብር በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋለ። ለዚሁ የተሠሩት ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ የሚል ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ነገር ግን አምስትና አሥር ሳንቲሞች ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በተደጋጋሚ ሲታተሙ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ያው ፲፱፻፴፮ እንደ ሆነ ቀጠለ። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ይህ ቁጥር ስላለበት ብቻ በ1936 ተሠርቷል ማለት አይቻልም፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሠራም ሊሆን ይችላል። ብዛታቸውም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። አንድ ነገር በመቶ ሚሊዮኖች ተሠርቶ፣ በየቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዱ ፍሬ 2 ሚሊዮን ብር ሊያወጣ የሚችልበት መንገድ የለም። ለውጭ ገዢዎች በሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ደግሞ ተቃራኒውን ማታለያ አይቻለሁ፤ የግዕዙ ቁጥር ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይቀየር እንዳለ እ.ኤ.አ. 1936 ተብሎ ይነበብና ሳንቲሙ «በማይጨው ጦርነት ዓመት የተሠራ» ተብሎ ይሸጣል። ፊደሉን የማያነብ ሰው ከየት ያውቃል?

ከዚያ ዘመን ሳንቲሞች እውነተኛ ታሪክ ያለው አንድ አለ። መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ ዙሪያው ድፍን ክብ ነበር፤ መጠኑ ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር በጣም በመመሳሰሉ ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተቆርጦ እንደገና ወጣ። ክቡ ስሙኒ ከአበባማው ይልቅ ብርቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያነሣሁት እውነተኛ ብርቅነት ምክንያት እንዳለው ለማሳየት ነው፤ ስንት ተሠራ፣ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ቀረ የሚል ጥያቄ ይመልሳል። በሚሊዮን እገዛለሁ የሚለው ማስታወቂያ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

የጠገራ ብሩም ነገር ተመሳሳይ ነው። ጠገራ ብር በሚባለው በኦስትሪያዋ እቴጌ በማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ የሚታየው 1780 እቴጌይቱ ያረፉበት የአውሮፓ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቪየናም በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ዓመቱ እንዲለወጥ አልተደረገም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ አስመትታለች፤ እንግሊዞችም በኋላ ለንደንና ቦምቤይ ላይ አስመትተዋል። የቪየና ማተሚያ ቤት ዛሬም ይሠራዋል። ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው» የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ፣ ሻጩ ሐሰተኛ ባይሆን እንኳ፣ ያልተረጋገጠ ነገር ነው። በአብዛኛው ጠገራ ብር የሚያወጣው ዋጋ በውስጡ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ከዚያ በላይ የሚያወጡት ዓይነቶች የሚለዩት በጌጣቸውና በፊደላቸው ጥቃቅን ዝርዝር እንጂ በዓመቱ አይደለም።

አሁን ወደ ሐሰተኞቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ጀማሪ ሰብሳቢ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ ይህ ስለ ሆነ ነው።

እውነተኛ ጠገራ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊሜትር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብርም የተለካው በእሱ መጠን ስለ ነበር ክብደቱ ያው 28 ግራም ነው። እኔ ራሴ ከስድስት ዓመት በፊት በፌስቡክ ያገኘሁትን የምኒልክ ብር በፎቶ ብቻ አይቼ ከፈልኩ። በፎቶው የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ጥርት ያለ ነበር፤ በጀርባው ያለው አንበሳም ምንም አልጎደለውም። እጄ ሲገባ 22 ግራም መዘነ። የተላከልኝ ፎቶ ከውጭ አገር ጨረታ ገጽ የተወሰደ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ፎቶ በጉግል ሌንስ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ አገኘው ነበር። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም።

ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ብልህ አስመሳይ ውፍረቱን ጨምሮ 28 ግራም ሊያደርሰው ይችላል። ለዚህ የወርቅ ሠሪ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ክር በቂ ናቸው። ውኃ የያዘውን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያም ሳንቲሙን በክር አንጠልጥላችሁ የብርጭቆውን ግድግዳና ታች ሳይነካ በውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። የጠገራ ብር ወይም የምኒልክ ብር ከሆነ ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 ግራም አካባቢ ያሳያል፤ ከብርና ከጥቂት መዳብ የተቀላቀለ ብረት ክብደቱ ለመጠኑ በዚህ ልክ ስለ ሆነ ነው። ከነሐስ ተሠርቶ የተለበጠ ከሆነ 3.2 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ማግኔት ደግሞ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ማግኔት የሳበው ብር ያለ ጥርጥር ሐሰተኛ ነው፤ ያልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ መዳብንም ነሐስንም ማግኔት አይስብምና። ጠርዙን ደግሞ በጣታችሁ ዳስሱት፤ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል፤ በማሪያ ቴሬዛ ብር ጠርዝ ላይ የተቀረጹት የላቲን ፊደላትም ጎልተው መዳሰስ አለባቸው። በመንገዳችን ላይ ስለ ሆነ ይህን ልጨምር፦ እባካችሁ አሮጌ ብር በሎሚና በአመድ አትፈትጉ፤ ያ ጥቁረት ለሰብሳቢ ዋጋ አለው።

በቴምብር በኩል ማታለሉ ይበልጥ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ቴምብሮች ተጨማሪ ጽሑፍ ሳይመታባቸው ብዙ ተርፈዋል፤ በብዙ ቦታ በርካሽ ይገኛሉ። ውድ የሚሆኑት ከታተሙ በኋላ በላያቸው ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ በማኅተም የተመታባቸው ናቸው። እናም ለአጭበርባሪ ርካሹን ቴምብር ገዝቶ የሐሰት ማኅተም መምታት ብቻ ይበቃዋል። ይህ ማታለል ከእኛ ዘመን በፊት የተጀመረና በዓለም የቴምብር ገበያ የታወቀ ነው። በኢንተርኔት በፎቶ ለሚታይ ጽሑፍ የተመታበት የምኒልክ ቴምብር፣ የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት ከሌለው በስተቀር፣ ያልተጻፈበትን ዋጋ ብቻ መክፈል ይሻላል።

ስለ ክፍያም ጥቂት ልበል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ ውሎ ክፍያን አቅልሏል፤ ነገር ግን የተጭበረበረ የስልክ መልእክትና የተቀነባበረ ስክሪንሹትም አብረው በዝተዋል። ሻጭ የሆነ ሰው ዕቃውን የሚያስረክበው በላኪው ስልክ ላይ ያለውን ደረሰኝ አይቶ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ በራሱ ስልክ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ካረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። መልእክት መጣ ማለት ገንዘብ መጣ ማለት አይደለም። ገዢ ደግሞ ለማያውቀው ሰው ቀብድ አይክፈል፤ ይልቁንም ግዢ የሚፈጽም ሰው ከሻጭ ላይ ለምዝገባም ሆነ ለኢንሹራንስ ገንዘብ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ገንዘብ ከገዢ ወደ ሻጭ ይሄዳል። በተገላቢጦሽ ከተጠየቃችሁ ያ ንግድ አይደለም። እናትየውን ሊያድን ይችል የነበረው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ማንም ግን በጊዜው አልነገራቸውም።

መገናኘት የሚቻል ከሆነ በቀን፣ በባንክ አዳራሽ ውስጥ ተገናኙ፤ ሚዛንም ይዛችሁ ሂዱ። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ዕቃውን በአዲስ አበባ ያለ ዘመድ በዓይኑ አይቶ፣ በሚዛን መዝኖ ካልተቀበለው በስተቀር ገንዘብ አትላኩ። ዋጋ ስትጠይቁ በጨረታ ገጾች ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከቱ፤ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ የሚጠየቀው ዋጋ ማንም ሰው እንደ ፈለገ የሚጽፈው ቁጥር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእናንተ ለአስተዳዳሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። አንድን ሳንቲም በሚሊዮን እገዛለሁ የሚል ማስታወቂያ፣ የሚገዛው ሰው በእውነተኛ ስሙና በአድራሻው ካልቀረበ በቀር፣ አትለጥፉ፤ የተለጠፈውንም አንሡ። ሻጭ ሁሉ ፎቶውን ሲልክ ከሳንቲሙ አጠገብ የዕለቱ ቀንና የራሱ የመለያ ስም በእጅ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ ከፊትና ከኋላ፣ ከጠርዙም ጋር፣ ሚዛን ላይ ሆኖ። ከጨረታ ገጽ የተሰረቀ ፎቶ ይህን ማለፍ አይችልም። በስማችሁና በፎቷችሁ የሚከፈቱ ተመሳሳይ መለያዎች አንድ ፊደል ለውጠው «አድሚን ነኝ፣ ገንዘቡን በእኔ በኩል ላኩ» እያሉ በግል መልእክት ሰዎችን ያስገድዳሉ፤ ስለዚህ እናንተ ለማንም በግል ቀድማችሁ እንደማትጽፉና ገንዘብ በእናንተ በኩል እንደማይተላለፍ በቡድኑ አናት ላይ ለጥፉ። ከማስታወቂያ ክፍያ ወይም ከሽያጭ ኮሚሽን የምትቀበሉ ከሆነ ይህን ለአባሎቻችሁ ንገሯቸው፤ ክፍያ የተቀበለ ሰው ደግሞ በላዩ ላይ ኃላፊነት እንዳለበት ይወቅ።

ከሁሉም በላይ ግን አቤቱታ አትሰርዙ። የገበያውን ስም ለማስጠበቅ ብላችሁ እንደምታደርጉት ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ሰው «እገሌ የሚባለው መለያ አታለለኝ» ብሎ ሲጽፍ እናንተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብታጠፉት፣ አጭበርባሪው በዚያው ቀን ሌላ ሰው ያገኛል። ክሱ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል አላጣሁትም፤ ለዚህም ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ስጡና ሁለቱንም ቃል በአንድ ላይ አኑሩ። ሰው አንብቦ ይፍረድ።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን ለይቶ ደንግጓል። ስለዚህ የተታለለ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ አበረታቱት። ገና ውይይቱ ሳይጠፋ ስክሪንሹት ያንሣ፤ የመለያውን ስም፣ የስልክ ቁጥሩንና ገንዘቡ የገባበትን የሒሳብ ቁጥር ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ኦፕሬተሩ ደውሎ ያሳውቅ፤ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ። ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው።

አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። በቡድኖቻችሁ ውስጥ መስቀል፣ ጽናጽልና የብራና መጻሕፍት ሲሸጡ አያለሁ። በዚህ ያለው አደጋ ማታለል ብቻ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ዕቃው ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ከሆነም ገዢው የተሰረቀ ንብረት ይዞ ይገኛል። በእኔ እምነት እነዚህ ዕቃዎች በቡድኖቻችሁ ውስጥ መሸጥ የለባቸውም።

በአንድ ገጽ የተጻፈ የክብደትና የመጠን ሠንጠረዥ፣ ከላይ የገለጽሁትን የውኃ ምርመራ ጨምሮ፣ አዘጋጅቻለሁ። ለጠየቀኝ አስተዳዳሪ ሁሉ ያለ ክፍያ እልካለሁ፤ በቡድናችሁ አናት ላይ ልትሰቅሉት ትችላላችሁ። ሳንቲም ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖርም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝኜ የሆነውን እነግረዋለሁ።

የሰፈራችን እናት አሥራ አንዱን ሳንቲሞች መልሰው በቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ባለፈው ሳምንት ሲያዩኝ ገንዘባቸው ይመለስ እንደ ሆነ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ «ያ ማስታወቂያ ተነሣ ወይ ልጄ?» ብለው ነው። ይህን ደብዳቤ በጻፍሁበት ዕለት ጠዋት ተመልክቼአለሁ፤ አልተነሣም፤ በሥሩም ሦስት አዳዲስ ሰዎች የሳንቲማቸውን ፎቶ ልከዋል። ዛሬውኑ እንድታነሡት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ከሰብሳቢዎች አንዱ
አዲስ አበባ